ቀን የገፋባት እናት

እስቲ ሰብሰብ በሉና ስሙኝ። ወጌ ከደሴ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ይጀምራል። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አቀስታ ሲደርሱ የለጋምቦ ደጋ በግራም በቀኝም ይዘረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳውንና ገደሉን እያፈራረቁ ወደ ቦረና ይገባል። መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከእሷ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ጎረቤት ናቸው። ምጥ የያዛትን ሴት አንዷ ጎረቤቷ «ማርያም ትቅረብሽ» ስትላት ሌላዋ «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» ትላታለች፤ ገንፎውን ግን አብረው ያገነፋሉ።

የማወራላችሁ ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር ነው። ስም አላወጣሁላትም፤ ለወጉ እንድትሆነኝ ያበጀኋት ሴት ናት። የሚገጥማት ነገር ግን ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ከከላላ እስከ ሳይንት ያሉ እናቶች የሚያውቁት ነው። ሁለት ወልዳለች፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ቀኑ ሰኔ 22 ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ መንገዱ ጭቃ ሆኗል።

«ልጄ፣ ቀንሽ ገፋ እኮ» ይሏታል አማቷ። «ዘጠኝ ወርሽ ከሞላ ሰነበተ።»

ጎረቤት ቡና ለመጠጣት ሲገባ ከሰላምታው አስቀድሞ «አልተገላገልሽም እንዴ?» ይላል። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ ይመጣላታል። ሆድ በቅቤ የሚያሹ ሴትዮም ተጠርተዋል። ተልባው ምግብ ነው፤ ይጠጣ። ምጥ ያመጣል ለማለት ግን ማስረጃ የለም። እሽታውን ግን ባይነኩት እወዳለሁ፤ ወሩ የገባ ሆድን በኃይል መጫን እንግዴ ልጁን ያለጊዜው ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ እናትም ልጅም አደጋ ላይ ናቸው።

ባሏ ሐሳብ ገባው። በጠዋት በበቅሎ አስቀምጦ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ገና ከበሩ ነው የጀመረው፦

«ሲስተር፣ ልጁ አልወጣም አለ። በእግዜር፣ ያንን የምጥ መርፌ ውጊልን።»

አዋላጇ መርፌ አላነሳችም። ወንበር ስባ ከእናትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «የመጨረሻ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነበር?»

የዛሬው ወጌ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚዞረው። እናትየዋ ዝም አለች። ሁለተኛዋን ልጇን ጡት ሳታስጥል ነው ያረገዘችው፤ የወር አበባዋ ገና አልተመለሰም ነበር። ሌላዋ ብትሆን ኖሮ የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወጋ ቆይታ፣ አበባዋ እንደቀረ ያረገዘች ልትሆን ትችል ነበር። በቦረናም ሆነ በአዲስ አበባ «አላስታውስም» የምትል እናት ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የምታስታውሰው ነገር ስለሌለ ነው።

«እሺ፣ ልጁ መጀመሪያ ሲላወስ የተሰማሽ መቼ ነው?»

«እሱንስ አውቀዋለሁ። የጥምቀት ዕለት ነው። ታቦቱ ሲገባ።»

እንግዲህ እናንተም ከአዋላጇ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ። ወልዳ የምታውቅ ሴት የልጇን መላወስ የምታውቀው ከ16 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በዚያ ቀን እርግዝናው 20 ሳምንት ከነበረ መውለጃዋ ሰኔ 1 ነበር፤ ዛሬ ሰኔ 22 ላይ 43 ሳምንት ሆኗታል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለባት ማለት ነው። ጥምቀት ላይ 16 ሳምንት ከነበረ ደግሞ መውለጃዋ ሰኔ 29 ነው፤ ዛሬ ገና 39 ሳምንቷ ነው፤ ማንም ሊነካት አይገባም። ሴትዮዋ ያው አንድ ናት፤ ሆዷም ያው ነው። አንዱ ስሌት ሩጡ ይላል፣ ሌላው ተቀመጡ ይላል።

ቀኗን ለምታውቅ ሴት የአገራችን አዋላጆች የሚጠቀሙበት የራሳችን ስሌት አለ፤ እኔ እጅግ እወደዋለሁ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ ከዚያች ቀን ዘጠኝ ወር ትቆጥራላችሁ፤ ጳጉሜን ካላለፋችሁ 10 ቀን ትጨምራላችሁ፤ ጳጉሜን ካለፋችሁ 5 ቀን፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት 4 ቀን ብቻ። የወር አበባዋን መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት ያየች ሴት ዘጠኝ ወሯ ሰኔ 17 ይሆናል፤ 10 ሲጨመር መውለጃዋ ሰኔ 27 ነው። ጥር 1 ያየች ደግሞ ዘጠኝ ወሯ ጥቅምት 1 ይሆናል፤ ጳጉሜን ስላለፈች 5 ትጨምራለች፤ ጥቅምት 6።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎረቤት «ዘጠኝ ወርሽ ሞላ» የሚለው 270 ቀን ቆጥሮ ነው። ይህ 38 ሳምንት ከ4 ቀን ነው፤ መውለጃዋ ገና 10 ቀን ይቀረዋል። ከረመዳን ወይም ከመውሊድ ተነስታ በጨረቃ የምትቆጥር እናት ከሆነች ዘጠኙ የጨረቃ ወር ወደ 266 ቀን ነው፤ መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ገፋብሽ» መባል ትጀምራለች። በጨረቃ ለሚቆጥር ሰው የእርግዝና ልኩ ዘጠኝ ወር ተኩል ነው። እኔ እንደማየው በደጋው ላይ «ቀን ገፋ» ተብሎ ከሚወራው ሐሜት ብዙው ከዚህ ከአቆጣጠር የመጣ ነው። ያልገፋው ቀን ገፋ ተብሎ ስንቷ እንቅልፍ ታጣለች!

ነገሩ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ ስለ ማስጀመር ባወጣው መመሪያ 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት ለታወቀ ሴት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል። ጤነኛ ሆና እርግዝናዋ ከዚያ በታች ከሆነ እንዲጀመርላት አይመክርም። ከምክሩ ሥር ደግሞ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፏል፦ የእርግዝናው ዕድሜ በአስተማማኝ መንገድ በማይታወቅበት ቦታ ይህ ምክር አይሠራም። ያቺ ማስጠንቀቂያ ለእኛ ለወሎ ደጋ የተጻፈች ያህል ይሰማኛል። ምክንያቱም 41 ነው ተብሎ በመድኃኒት የወጣው ልጅ 36 ሳምንት ቢሆንስ? ትንፋሹ ሊያጥረው፣ ጡት መሳብ ሊያቅተው፣ ሙቀቱን መያዝ ሊሳነው ይችላል፤ በጉጉፍቱና በአቀስታ ብርድ ደግሞ ሙቀት ማጣት ቀልድ አይደለም።

«እንግዲያውስ ዝም ብለን እንጠብቃ!» የሚለኝ ይኖራል። እሱም አይሆንም። ቀኑ በእውነት ከገፋ እንግዴ ልጁ ያረጃል፤ ለልጁ የሚያደርሰው ምግብና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የእንሽርት ውሃው ያንሳል፤ ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ ዓይነ ምድሩን ሊለቅና ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ልጁ ገዝፎ በመውጫው ላይ የሚቸገርም አለ። በስዊድን 14 ሆስፒታሎች ውስጥ 2,760 ሴቶችን የያዘ ጥናት ነበር፤ ግማሾቹ 41 ሳምንት ላይ ምጥ እንዲጀመርላቸው፣ ግማሾቹ እስከ 42 እንዲጠብቁ። ጥናቱ ሳይጠናቀቅ እንዲቆም ተደረገ። በሚጠብቁት በኩል ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ በሌላው በኩል አንድም አልሞተም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። በዓመቱ ደግሞ የኮክሬን የጥናት ድርጅት ተመራማሪዎች ከ21,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 34 ጥናቶች አንድ ላይ መዘኑ፤ ምጥ በተጀመረላቸው በኩል 4 ሕፃናት፣ በሚጠብቁት በኩል 25 ሕፃናት ሞተዋል። የአንድን ሕፃን ሕይወት ለማትረፍ ለ544 ሴቶች ምጥ ማስጀመር ያስፈልጋል ብለው አሰሉ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ለአንዷ ለብቻዋ አደጋው ትንሽ መሆኑን ያሳያል። የሞተባት እናት ግን ቁጥር አይታያትም።

በውጭ አገር የምትኖሩ እህቶቻችን ይህን ክርክር በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ከ6,000 በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶችን የያዘ ጥናት 39 ሳምንት ላይ ምጥ ማስጀመር የቀዶ ሕክምናን ቁጥር በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳየ፤ 22.2 ከመቶ የነበረው 18.6 ሆነ። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ረቂቅ መመሪያ ላይ ጥቁር ሴቶች ጤነኛም ቢሆኑ 39 ሳምንት ላይ ምጥ ማስጀመር ይታሰብላቸው የሚል ሐሳብ ነበር፤ ብዙ ተቃውሞ ገጠመውና ከመጨረሻው መመሪያ ወጣ። በቆዳ ቀለም ብቻ ተነስቶ የአንዲትን ሴት ምጥ መወሰን ትክክል አልነበረም፤ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል። ለቦረናዋ እናት ግን የ39 ሳምንቱ ክርክር ገና አልደረሰም። እሷ በመጀመሪያ 39ኛው ሳምንት የት እንደሆነ ማወቅ አለባት።

ወደ ጤና ጣቢያው ልመልሳችሁ። አዋላጇ ካርድ ክፍል ሰው ላከች። የእናትየዋን ስም የያዙ ካርዶች ሦስት ነበሩ፤ የአያት ስም እየታየ ተለየ። አቧራው ተራግፎ ሲገለጥ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር ተገኘች። ታኅሣሥ 6 ቀን ማቅለሽለሽ በርትቶባት መጥታ ነበር፤ እሷ ረስታዋለች። የመረመራት ሰው ማህፀኗን ከእምብርት በታች፣ ከብልት አጥንቱ ልክ ከፍ ብሎ አግኝቶት «12 ሳምንት» ብሎ ጽፏል። ማህፀን በዚያ ቦታ ላይ የሚዳሰሰው 12 ሳምንት አካባቢ ነው፤ በእጅ ከሚገኙት ምልክቶች ሁሉ ደህናው ይህ ነው። ከታኅሣሥ 6 እስከ ሰኔ 22 ስድስት ወር ከ16 ቀን፣ ማለትም 196 ቀን፣ ማለትም 28 ሳምንት። 12 ሲጨመርበት 40። የጥምቀቱ መላወስ 17ኛው ሳምንት ላይ ወደቀ፤ ተስማማ።

«አልገፋብሽም» አለቻት አዋላጇ። «ዛሬ ልክ 40 ነው።»

ባል መርፌውን አልረሳም። «እና ዝም ብላ ትመለስ?»

«አትመለስም። ልጁን እናዳምጣለን፤ ግፊቷን እንለካለን። ከዚያ የምነግራት ነገር አለ፤ ለእሷ ነው የምነግራት።»

ልጁን በቀንድ መሰሉ ማዳመጫ አዳመጠች፤ ደህና ይመታል። ግፊቷ ደህና ነው። ከዚያ በመድኃኒት ሳይሆን በጣት ስለሚደረግ ነገር አስረዳቻት። ባለሙያዎቹ ስዊፕ ይሉታል። ጓንት ያጠለቀች አዋላጅ ጣቷን በማህፀን በር በኩል አስገብታ የእንሽርት ውሃውን የያዘውን ስስ ከረጢት ከማህፀኑ የታችኛው ግድግዳ ዙሪያውን ቀስ አድርጋ ታላቅቀዋለች፤ የበሰለ እንጀራ ከምጣዱ ከመውጣቱ በፊት ዳር ዳሩ እንደሚላቀቀው። ከረጢቱ አይቀደድም፤ ልጁም አይነካም። ከግድግዳው ሲላቀቅ ገላ በራሱ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እሱ የማህፀንን በር ያለሰልሳል፣ ምጡንም ይጠራል።

«ያማል?» አለች እናትየዋ።

«ያማል። አያምም ብዬ አልዋሽሽም። ጥቂት ደቂቃ ነው። ማታ ወገብሽን ሊቆርጥሽ ይችላል፤ ጠብ ጠብ የምትል ደም የቀላቀለች ዝልግልግ ነገርም ልታይ ትችያለሽ፤ እሷ አታስደንግጥሽ። የሚወርድ ደም ካየሽ ግን ወዲያው ነይ።»

«ልጁንስ?»

«ልጁን እንደሚጎዳ አልታየም። ግን ዛሬ ካልፈለግሽ አይደረግም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ። ስዊፕ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1810 ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮክሬን ተመራማሪዎች ወደ 7,000 የሚጠጉ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 44 ጥናቶች መዝነው የደረሱበት ይህ ነው፦ ስዊፕ የተደረገላቸው ሴቶች ምጣቸው በራሱ የመጀመሩ ዕድል በአምስት እጅ አንድ ያህል ይጨምራል፤ በመድኃኒት ምጥ ማስጀመር የሚያስፈልጋቸው በሩብ ያህል ይቀንሳል። የቀዶ ሕክምናውን ቁጥር አልቀነሰም፤ ሕፃናቱንም አልጎዳም። ገንዘብ አይጠይቅ፣ ማቀዝቀዣ አይጠይቅ፣ መብራት አይጠይቅ። ለገጠር ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ምርመራ ነው ተብሎ፣ ሳይነገራት፣ «ትንሽ ቻይው» ተብላ ብቻ የሚደረግባት ሴት በየአገሩ አለች፤ በሠለጠነውም አገር አለች። ይህ ስህተት ነው። ገላው የእሷ ነው። ዳግም ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትመጣ የሚያደርጋትም ሕመሙ አይደለም፤ ሳትጠየቅ መነካቷ ነው።

ለሁሉም ደግሞ አይሆንም። እንግዴ ልጁ የማህፀንን በር ዘግቶ ለተቀመጠባት ሴት ጣት ማስገባት ራሱ የደም ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በእርግዝናዋ ደም ያየች ሴት አስቀድማ ትናገር። የእንሽርት ውሃዋ ለፈሰሰም ሥራው ሌላ ነው። ግፊቷ ከፍ ብሎ ራሷን የሚፈልጣት፣ ዓይኗን የሚያጭበረብራት እናት ደግሞ ስዊፕ ተደርጎላት ቤቷ ገብታ የምትጠብቅ አይደለችም፤ እሷ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ናት።

እናትየዋ ወዲያው እሺ አላለችም። «ላስብበት» አለች። ባል ሊናገር አፉን ሲከፍት አዋላጇ ቀና ብላ አየችው፤ ዝም አለ። አዋላጇ ወደ ቤቷ አልሸኘቻትም፤ የእናቶች ማቆያ አስገባቻት። ማቆያ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ የጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል ሩቅ ቦታ ያሉ እናቶች ወራቸው ሲገባ መጥተው የሚሰነብቱበትን ቤት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል አለ። አልጋና ምድጃ አለው፤ በየቀበሌው የተዋጣው ዱቄት ይመጣል፤ እናቶቹ እርስ በርስ ቡና ያፈላሉ። ለእኔ በዓባይ ዳር ገደላገደል ላይ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አልታየኝም። ቀኑ ባይታወቅ እንኳ ሴትዮዋ ከባለሙያው አጠገብ ናት፤ የልጁ ልብ በየቀኑ ይደመጣል፤ ጭቃውና ጎርፉ ምጧን ቀድመው አይደርሱባትም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 25፣ እራሷ መጥታ «እሺ፣ አድርጊልኝ» አለች። ተደረገላት። በነጋታው ሌሊት ወገቧን ቆረጣት፤ ሲነጋ ምጡ ያዛት፤ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ተገላገለች። ስዊፑ ነው ያመጣው ወይስ ቀኑ ደርሶ? ለአንዲት ሴት ይህን መለየት አይቻልም።

ባይመጣላትስ ኖሮ? ሰኔ 29 ላይ 41 ይሞላታል፤ ጉዞው ወደ ሆስፒታል ነው። እዚህ ላይ በኃይል የምናገረው አለኝ። ምጥ በመድኃኒት ማስጀመር ባል በሩ ላይ ቆሞ እንደሚለው አንድ መርፌ ወግቶ መሸኘት አይደለም። አስቀድሞ የማህፀን በር ይመረመራል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ኤድዋርድ ቢሾፕ የሚባል ሐኪም ባወጣው ነጥብ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ እንደሳሳ፣ እንደለሰለሰ፣ ወዴት እንደዞረ፣ የልጁ ጭንቅላት የት እንደደረሰ ይመዘናል። ነጥቡ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሩ ገና ጥሬ ነው፤ መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። ለዚህ ቀላሉ መንገድ ፎሊ ካቴተር ነው፤ ለሽንት የሚያገለግለው ቱቦ በማህፀን በር ይገባና ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ በንጹሕ ውሃ ትነፋለች፤ በሩን በምታሳድረው ግፊት ትከፍተዋለች። ሌላው ሚሶፕሮስቶል ነው፤ እሱ ላይ ጥንቃቄ! በብዛት የሚገኘው ኪኒን 200 ማይክሮግራም ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው 25 ብቻ። በምላጭ ስምንት ቦታ መክፈል ግምት ነው። ስለዚህ ኪኒኑ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟና 25 ሚሊ ሊትር በሁለት ሁለት ሰዓት ይጠጣል። ከዚያ የሚከተለው ኦክሲቶሲን በደም ሥር በሚሰጥ ጠብታ ነው፤ ጠብታው እየተቆጠረ ቀስ እያለ ይጨመራል።

መድኃኒቱ የተጀመረላት ሴት ብቻዋን አትተውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ ከመጣ ማህፀኑ ዕረፍት የለውም፤ ልጁ ይታፈናል፤ ጠብታው መቆም አለበት። ይህን የሚያይ ሰው አጠገቧ ከሌለ ማን ያቆመዋል? ብዙ ለወለደች እናት ደግሞ፣ በደጋው ሰባትና ስምንት የወለዱ እናቶች አሉና፣ ማህፀኑ ሊቀደድ ይችላል። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ለምታውቅ ሴት ሚሶፕሮስቶል አይሰጥም፤ ጠባሳው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ምጥ የሚጀመረው አስፈላጊ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊደረግ በሚችልበት ቦታ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለዚሁ ብላ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠልጥና በየወረዳው ሆስፒታል አሰማርታለች፤ ስንት እናት በእነሱ እጅ ተርፋለች። በመካነ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ ከእሱ በላይ ሲሆን መንገዱ ወደ ደሴ ነው።

መንገዱ ክፍት ከሆነ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር፤ የምዕራብ ወሎ እናቶች መጨረሻ መጠጊያ የነበረው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንስ ያስቆማል፣ መድኃኒት ያስቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «41 ሲሞላ ሪፈር እንጽፋለን» ማለት ወረቀት ብቻ ነው። አዋላጇ ቀድማ ማሰብ አለባት፤ እናትየዋ ገና 38 እና 39 ሳለች መንገዱ በተከፈተበት ቀን ወደ ሆስፒታሉ ማቆያ ብትገባ ይሻላል። የታጠቀ ሁሉ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ መኪና ያሳልፍ።

አሁን ወደ ሥሩ ልውሰዳችሁ። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮቻችን 74 ከመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ታይተዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 ከመቶ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በጤና ተቋም የወለዱት 48 ከመቶ። ከእነዚህ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ 28ቱ ነው። ስለ 41ኛው ሳምንት የሚደረገው ውሳኔ ሁሉ በዚያ በመጀመሪያው ጉብኝት ላይ ነው የሚቆመው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ያየች እናት ቀኗ ከአንድ ሳምንት በላይ አይሳሳትም፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ያው መሣሪያ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። «ቀን ገፋባት» ተብላ ዘጠነኛ ወሯ ላይ ለምትላክ ሴት መሣሪያው ብዙም አይነግራትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ለሁሉም ነፍሰ ጡር ይደረግ ያለው ለዚህ ነው፤ የጤና ሚኒስቴራችንም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የጉብኝቱን ቁጥር ከአራት ወደ ስምንት ሲያሳድግ ይህን ተቀብሎታል። የወረቀቱ ነገር ተሠርቷል፤ መሣሪያውና የሠለጠነው እጅ በየጤና ጣቢያው መድረስ አለበት። የወሎ ተወላጆች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ ለቦረና ወይም ለወግዲ ምን እንላክ ስትሉ፣ ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር ተማክራችሁ ይህን አስቡበት።

ለጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። አርግዣለሁ ያለችን ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋን ከመጠየቅ ጋር ልጅ ማጥባቷንና መከላከያ መውሰዷንም ጠይቋት፤ ቀኑን ካላወቀች «አታውቅም» ብላችሁ አትዝጉት፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት፤ ሆዷ ገና ትንሽ ሳለ የሚዳሰሰው ማህፀን በኋላ ከሚገኘው ምልክት ሁሉ ይበልጣል። ለአማቶችና ለእናቶቻችን ደግሞ፦ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ሳይሞላ «ገፋብሽ» አትበሏት፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ ቤት አታስቀምጧት። ለአንቺ፣ አሁን በመጨረሻው ወር ላይ ላለሽው፦ የልጅሽ መላወስ ከወትሮው ከቀነሰ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ደም ካየሽ፣ ራስሽን ከፈለጠሽ ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ስዊፕም ሆነ መድኃኒት ቢቀርብልሽ ስንት ሳምንቴ ነው፣ እንዴት አወቃችሁ፣ ብጠብቅ ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂ። የእናቶች ሕክምናና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፤ አምቡላንሱም በነጻ ነው።